ለኢንቮይስ ሥራ የመረጥኩት ኪቦርድ

አዲሱን ኪቦርዴን ያዩ ሁሉ «ይሄ የጌም ልጆች ዕቃ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚሁ ልጻፈው። እውነት ነው፣ ናይሮቢ ሉቱሊ አቬኑ ላይ ሜካኒካል ኪቦርድ የሚደረደረው መብራት ከሚያበሩ የጌም ማውሶች ጎን ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ቁጥር ነው፤ የካርቶን ብዛት፣ ኪሎ፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ። በሞያሌ በኩል ዕቃ የምትልኩ ታውቁታላችሁ። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ በአንዲት አኃዝ ከተለያዩ ትራንዚተሩ ይደውላል፣ መኪናው ይቆማል፣ የቆመበትን ቀን የሚከፍለው ደግሞ ባለዕቃው ነው።

የድሮው ኪቦርዴ ከኮምፒውተሩ ጋር በነጻ የመጣ ነበር። ዜሮው ደከመ። ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ አይገባም። 4,500 ብዬ ጽፌ ቀና ስል 450 ሆኖ ይጠብቀኛል። ደግነቱ ታናሽ እህቴ ወረቀቱ ከቤት ሳይወጣ ካልኩሌተር ይዛ ታመሳክረዋለች፤ ሁሌም እዚያው እንይዘዋለን። ግን በቀን ስንት ጊዜ?

የነጻው ዓይነት ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር ጎማ ተነጥፎበታል። ፊደሉ የሚገባው ቁልፉን እስከ ታች ተጭናችሁ ጎማው ሲጨፈለቅና ከሥሩ ያሉት ስስ ሽፋኖች ሲነካኩ ነው። ጎማው ሲደክም ጣታችሁ የተጫነ ይመስለዋል እንጂ የገባ ነገር የለም። ሜካኒካሉ ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግና የራሱ ብረት ያለው ስዊች አለው። ስዊቾቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ሻጮቹም በቀለም ነው የሚጠሯቸው። የቀለሙ አጠራር ቼሪ ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ የመጣ ነው፣ አሁን ብዙዎቹ የቻይና አምራቾችም ይከተሉታል። ቀዩ ሊኒየር ነው፣ ያለ ምንም እንቅፋት ተንሸራቶ ይወርዳል። ሰማያዊው መሃል ላይ ጉብ ያለች ነገር አለችው፣ ቀጭ የሚል ድምፅም ያወጣል። ቡናማው ታክታይል የሚባለው ነው፤ ጉብታዋ አለች፣ ቀጭታው ግን የለም።

ሦስቱንም ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሞከርኳቸው። ሰማያዊው ልቤን ወስዶት ነበር። ኮሜርስ ስማር ታይፕ የተማርነው በታይፕራይተር ነው፤ መምህራችን ጣታችንን እንዳናይ በጨርቅ ትሸፍንብን ነበር፣ ክፍሉም እንደ በረዶ ዝናብ ይንጫጫል። ድምፁ ያንን አስታወሰኝ። ግን እኔ ኢንቮይስ የምሠራው ማታ ነው፣ ልጆቹ በተኙበት ክፍል። ቀዩ ጸጥ ያለና ቀላል ነው፤ ለእኔ እንዲያውም በዛ። ዓይኔ ከአቅራቢው ወረቀት ላይ ሳለ ጣቴን ቁልፉ ላይ ሳሳርፍ አንድ ትርፍ ቁጥር ሾልኮ ይገባል።

ቡናማውን ያስመረጠኝ ይኼው ነው። በቼሪው ስዊች ቁልፉ በጠቅላላ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ቁጥሩ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው። ጉብታዋም እዚያው አካባቢ ናት። ጣቴ ስታልፋት ቁጥሩ መግባቱን አውቃለሁ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ማንሳት አያስፈልገኝም። እስከ ታች መደብደብም ቀረ፣ ማታ ማታ የሚያመኝ የጣቴ አንጓ አሁን ቀለል ብሎታል። ጉብታዋ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ናት፣ «ምንም አይሰማኝም» የሚልም አለ። ጠንከር ያለ ጉብታ ያላቸው ታክታይሎችም ስላሉ በራሳችሁ ጣት ሳትነኩ አትግዙ።

አማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው። በላቲን ቁልፎች በድምፅ ስንጽፍ «ሰላም» ለሚለው ሦስት ፊደል አምስት ጊዜ እንጫናለን። አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስትጽፉ ጣታችሁ የሚሄደውን መንገድ አስቡት።

ሻጩ ቁጥር የሌለውን ትንሹን ኪቦርድ ሊያስይዘኝ ብዙ ለፋ። «ማማ፣ ይሄ ያምራል» ይለኛል። ያምራል፣ ግን በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ተቆርጦ የወጣበት ኪቦርድ ለነጋዴ ምን ይሠራል? ሙሉውን ያዝኩ። ባለ ገመድ ነው፣ ባትሪ አለቀ አላለቀ ብዬ አላስብም። ስዊቾቹም ሳይበየዱ በመንቀያ የሚወጡ ናቸው፤ እንደ ሞያሌ አቧራ ባለበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከመክፈሌ በፊት ላፕቶፔን አውጥቼ ሰካሁትና ዜሮን በአሥር በአሥር እየቆጠርኩ 50 ጊዜ ተጫንኩ። ሻጩ ሳቀብኝ። የመጀመሪያው ኪቦርድ 53 ዜሮ ጻፈ። አንዳንድ ስዊች አንዴ ስትነኩት ሁለቴ ይጽፋል፤ 4,500 ደግሞ 45,000 የሚሆነው እንዲህ ነው። ሳቁን ተወና ሌላ ካርቶን ከፈተ፤ ሁለተኛው ልክ 50 ጻፈ። የቁጥር ሰሌዳውን በሙሉ አንድ በአንድ እንዲሁ አደረግኩት፣ ሠልፍ የያዙት ወጣቶች ቢሰለቹም።

ዋጋውን በ8,000 የኬንያ ሽልንግ ጀመረ፣ 6,500 ላይ ተስማማን። ምርቃት ስለው አራት ትርፍ ቡናማ ስዊች በፌስታል ጨመረልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ዜሮው አንድ ቀን ቢደክም እሱን ብቻ ነቅዬ እተካለሁ።