ከላይ ያለችው መስመር

ልናዘዝላችሁ፤ ጋዜጠኝነት ተመርቄ ማንቡክ ስመለስ ብራውዘር በቅጡ አላውቅም ነበር። ግራ ሲገባኝ ሁሉንም ዘግቼ እንደገና ከ«ሀ» እጀምራለሁ። ወደ ኋላ የምትመልሰውን ቀስት እንኳ ያሳየችኝ የአስረኛ ክፍል ተማሪዋ እህቴ ናት።

እናላችሁ አንድ ቀን በተላከልኝ ሊንክ ገብቼ የመንግሥት ሥራ ማስታወቂያ አገኘሁ። «መመዝገቢያ 300 ብር» ይላል። ልከፍል ስል እህቴ፣ «እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አድራሻ አንብቢ!» አለችኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ ብዙውን ጊዜ «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ብሎ ያልቃል። የዚህኛው መጨረሻ ሌላ ነው።

ብሬስ ተረፈች። ያፈርኩት በሌላ ነው። «ምንጩ ማነው?» ብሎ መጠየቅን ዓመታት ተምሬ፣ መልሱ ገጹ አናት ላይ ተጽፎ ሳለ አላየሁትም። ያውም በ2013 ዓ.ም. መተከል ሲታመስ ወሬ እንዴት እንዳስጨነቀን የማውቅ ልጅ! አሁን ሊንክ ስከፍት ቀድሜ ወደ ላይ አያለሁ። እናንተስ?