አጥንቱ ይሰማ ነበር

ታናሽ ወንድሜ መስማት የሚችል ልጅ ነበር። ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል፤ ልጅነቱን በሙሉ «አይሰማም» እየተባለ ነው ያደገው። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር፣ ሰፈር ውስጥ «ደንቆሮው» የሚል ስም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ «ተወው፣ አይሰማህም» የሚል ቃል ነበር ድርሻው። ውስጠኛው ጆሮው ግን ጤነኛ ነበር። ይህም ገና በልጅነቱ፣ በአንድ ሐኪም ክፍል ውስጥ ተመርምሮ ታውቋል፤ በካርዱም ላይ ሰፍሯል። ባይታወቅ ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ። ታውቆ ነው የቀረው።

ነገሩ የጀመረው በጆሮ መግል ነው። በስንቱ ቤት እንደሚሆነው ዘይት ተንጠባጠበበት፣ ጥጥ ተወተፈበት፣ «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ተባለ። መግል ለዓመታት ሲመላለስ የጆሮን ታምቡር ይበሳል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችም ሊበላ ይችላል። ድምፅ በአየር መጥቶ ታምቡሩን መትቶ፣ በእነዚያ አጥንቶች ተቀባብሎ ነው ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚደርሰው። ይህ መንገድ ሲበላሽ ድምፁ ደክሞ ይደርሳል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይደርስም። ውስጠኛው ጆሮ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ተጠቅልሎ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ስለተቀበረ ሌላ መግቢያ አለው። አጥንቱ ሲንቀጠቀጥ በውስጡ ያለው ፈሳሽም ይንቀጠቀጣል፤ ታምቡር ኖረ አልኖረ ድምፁ ይሰማል።

ሐኪሙ ይህን ለማወቅ የተጠቀመበት መሣሪያ ሹካ የመሰለ ባለሁለት ጣት ብረት ነው። ምርመራው ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ አዶልፍ ሪነ በ1855 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ ዛሬም በየጆሮ ክሊኒኩ የሚሠራበት ነው። ብረቱን መትቶ እግሩን ከወንድሜ ጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ሲያሳርፈው የልጁ ፊት በራ፤ እጁን አነሳ። ብረቱ ወደ ጆሮው ፊት ሲመጣ ግን ራሱን ነቀነቀ። በአጥንቱ ይሰማል፣ በአየር አይሰማም ማለት ነው። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ጻፈ፣ የጆሮ ጠብታ ታዘዘለትና ወደ ቤት ተመለስን። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ አንድም ሰው «እንግዲያውስ ይህን ልጅ በአጥንቱ እናሰማው» አላለም።

ሐሳቡ ያኔ ያልተወለደ ቢሆን ኖሮ አፌን በዘጋሁ። ጣሊያናዊው ሐኪም ጂሮላሞ ካርዳኖ በጥርስ በተነከሰ ዘንግ በኩል ድምፅ እንደሚሰማ የጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ራስ ላይ ታስሮ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት የሚያንቀጠቅጥ የመስሚያ መሣሪያ በአሜሪካ ለገበያ ቀርቦ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊድኗ ጎተንበርግ ሐኪሞች የታይታኒየም ብሎን ከጆሮ ጀርባ አጥንቱ ውስጥ ተክለው፣ መሣሪያውን በዚያ ላይ እያሰሩ ታካሚዎችን ማሰማት ጀመሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ወንድሜ ሳይወለድ ነው።

ልጁም ራሱ ነግሮን ነበር። ሬዲዮ ሲከፈት ሄዶ ጉንጩን በሣጥኑ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ አንዳንዴም ጠርዙን በጥርሱ ይነክሰዋል። «ዕቃ ታበላሻለህ!» ተብሎ ይገፋል። ተመልሶ ይለጥፋል፤ እንደገና ይገፋል። ያ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ካርዳኖ የደረሰበትን ደርሶበት ነበር። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮኑ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ወንድሜ ከኋላ ወንበር ላይ። ክፍል እየደጋገመ ቆየና ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ትቶ ልብስ ስፌት ገባ። ዛሬ በእጁ ሙያ የተከበረ ልብስ ሰፊ ነው። ሊሆን ይችል የነበረውን ግን ማን ያውቃል?

ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ መሮጥ ሲጀምር፣ ዋሽንግተን የሚኖረው የአጎታችን ልጅ በአጥንት የሚያሰማ ማዳመጫ ላከለት። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ኤርፎን ቀዳዳውን አፍኖ እርጥበት ስለሚይዝ መግሉን ይቀሰቅስበታል፤ ይሄኛው ግን ከጆሮ ፊት ለፊት በጉንጭ አጥንት ላይ ተደግፎ ጆሮውን ክፍት ይተወዋል። መኪና ሲመጣም በቀረችው መስማቱ ይሰማል ተብሎ ነው የተላከው። ስለ ስፖርት እንጂ ስለ መስማት ያሰበ አልነበረም። ወንድሜ አጠለቀው፣ ትረካ ተከፈተለት፣ ከዚያ መሮጡን ትቶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቃሉን ከነመነሻው ከነመድረሻው ይሰማ ነበር። አውልቆ እያገላበጠ አየውና «ይሄ ነገር ከተሠራ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። መልሱን ሳውቀው ልነግረው አልቻልኩም።

አሁን ይህ ዕቃ በየሱቁ ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ደግሞ ዕድሉን ሁለተኛ ጊዜ እንዳያባክን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። «በአጥንት የሚያሰማ» ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ዕቃዎች ውስጥ በርካታዎቹ ተራ ድምፅ ማጉያን ከጆሮ አጠገብ የሚያስቀምጡ ናቸው። ለጤነኛ ጆሮ ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ታምቡሩ ለተጎዳ ሰው ግን የከሰረ ገንዘብ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ማዳመጫውን አድርጎ ሁለቱን ጆሮ በጣት መድፈን። ድምፁ ከጠፋ በአየር የሚመጣ ነው። ከቀጠለ፣ እንዲያውም ወፍራሙ ድምፅ ከጨመረ፣ በእርግጥ በአጥንት የሚሄድ ነው። ሻጭ ፊት ቆሞ ይህን ለማድረግ ማፈር አያስፈልግም።

ለሩጫ የሚፈልገው ክብደቱን፣ ላብ መቻሉንና ባትሪውን ይይ። ለምሳሌ ሾክዝ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኦፕንረን የተባለ ማዳመጫ 26 ግራም ይመዝናል፣ አንዴ ሞልቶ እስከ 8 ሰዓት ይሠራል፣ አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃውም አይፒ67 ነው። ለዋና የሚፈልግ ግን ብሉቱዝ ውኃ ውስጥ እንደማይሠራ አውቆ ዘፈን በራሱ ላይ የሚጫንበትን ይምረጥ። ከራስ ጀርባ የሚዞረው ሽቦ መነጽር ከሚያደርግ፣ ሻሽ ከሚያስር ወይም ሂጃብ ከሚለብስ ሰው ጋር ይጋጭ እንደሆነ አድርጎ መሞከር ይሻላል። ሙዚቃውን በወፍራም ድምፁ ለሚወድ ሰው ይህ ዕቃ አይበቃውም፤ ድምፁ ሲጨምርም ጉንጭ ላይ ይነዝራል።

ታክሲ ውስጥና ግርግር ባለበት መንገድ ላይ ክፍት የቀረው ጆሮ ጫጫታውን ስለሚያስገባ እጅ ወደ ድምፅ መጨመሪያው ይሄዳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአየር መጣ በአጥንት፣ ድምፁ የሚያርፈው በዚያው በውስጠኛው ጆሮ ላይ ነው፤ እዚያ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ወንድሜን ያተረፈው ይኸው ውስጠኛ ጆሮ ጤነኛ መሆኑ ነው፤ ጤነኛ ታምቡር ይዞ ይህን በገዛ እጅ ማጥፋት ያሳዝናል።

ማዳመጫው የመስሚያ መሣሪያን አይተካም። ሬዲዮውን፣ ስልኩን፣ የተቀዳውን ትምህርት ያሰማል እንጂ ከፊት የቆመ ሰው የሚናገረውን አጉልቶ አያመጣም። ውስጠኛው ጆሮው ለተጎዳ ሰውም መፍትሔ አይሆንም። ግን ያ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ የፈለገው ሬዲዮኑን መስማት ነበር! ለዚያ ይህ ይበቃው ነበር።

ዛሬም ጆሮው የሚመግል ልጅ ይዛችሁ «ሲያድግ ይተወዋል» የምትሉ ወላጆች፣ እባካችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐኪሙ ያን ብረት ከጆሮው ጀርባ ሲያሳርፍ የልጃችሁን ፊት እዩ። «በአጥንቱ ይሰማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ከተባላችሁ ጠብታውን ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ፤ «ታዲያ እስኪድን ድረስ በምን እናሰማው? ትምህርቱንስ እንዴት ይከታተል?» በሉ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይጠየቅ ተመለሰ። ሁለተኛውን የጠየቀ አልነበረም፤ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረው በዚህ ነው።