ሥራ ጠሉ ወይስ ሥራው ጠላቸው?

አንባቢ ሆይ፤ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» የሚለውን ነገር ከዘመድ ቤት፥ ከዕድር ድንኳን ወይም ከመሥሪያ ቤት ሳይሰሙ ያለፉበት ሳምንት ይኖር ይሆን? እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዕድሜዬ ገና ሃያ አምስት ቢሆንም ይህንኑ ነገር እኔም ለተማሪዎቼ ስናገር ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን በዚህ ንግግሬ ያፈርሁበትን ቀን ላጫውትዎ እወዳለሁ።

አባቴ በ1975 ዓ.ም. በጸሐፊነት ተቀጥረው እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ 35 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት አገለገሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ጧት ጧት ከረባታቸውን አስረው ደጃፍ ይቀመጣሉ። «ወንበሩን የለቀቀ ሰው ክብሩን ለቀቀ» ይሉኛል። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት አልመጣም። በአገራችን ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን የተናቁ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ስድቡን ሊከለክል ይችላል፤ ንቀቱን ግን ከሰው ልብ በአንድ ቀን አያወጣም። ስለዚህ ብዕር የያዘ ሁሉ የተከበረ መሰለው። በዚያም ላይ የመንግሥት ደመወዝ ባይበዛም የማይቋረጥ፥ ጡረታውም የታወቀ ስለ ነበረ፥ ወንበርን አጥብቆ መያዝ ብልህነት ነበር።

የሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እንደ ኮምቦልቻ ባሉ ከተሞችም የልብስ ፋብሪካዎች ተከፍተው ብዙ የገጠር ልጃገረዶች ተቀጥረዋል። ከተማሪዎቼ አንዲቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላልቀናት ከእንደዚህ ያለው ፋብሪካ ገብታ ነበር። በአራተኛው ወር መንገድ ላይ አገኘኋትና መልቀቅዋን ነገረችኝ። እኔም ነገሩን ሳላጣራ «ምነው እንዲህ ቶሎ ሰለቸሽ? እንጀራ እንዲህ ይጣላል?» ብዬ ተቆጣኋት።

አንገትዋን ደፍታ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፥ ሥራው አልሰለቸኝም። አገር ቤት ከጧት እስከ ማታ ሳጭድ እውል የለም ወይ? እዚያ ግን ስሜን የሚያውቅ የለም። እናቴ ታማብኝ ፈቃድ ብጠይቅ ተከለከልሁ። ሄጄ ስመለስ ደመወዜ ተቆርጦ ጠበቀኝ። የቤት ኪራይና የምግብ ከፍዬ ለእናቴ የምልከው አይተርፈኝም። ታዲያ ለማን ብዬ ልቆይ?»

የምመልሰው አጣሁ። ይህች ልጅ ያደገችው በወንፈልና በደቦ ነው። በወንፈል ዛሬ ለአንዱ የታጨደ ነገ ለሌላው ይታጨዳል፤ ደቦ የጠራም ሰው ጠላውን ጠምቆ፥ ወጡን ሠርቶ፥ ሠራተኛውን በስሙ እየጠራ ያበላል። የታመመ ሰው ቢኖር ጎረቤት ያርስለታል። ድካሙ ብዙ ቢሆንም ለማን እንደ ተደከመ ይታወቃል።

ለፋብሪካውም ልፍረድለት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ፋብሪካው ይህን ሰዓት በደቂቃ ቆጥሮ ይሠራበታል። ኮሌታ የምትሰፋዋ የቀረች እንደሆነ ከእርስዋ ቀጥላ ያለችው እጅዋን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ስለዚህ አለቃው ልጅቱን ሰነፍ ይላታል፤ እርስዋም አለቃውን ጨካኝ ትለዋለች። ሁለቱም የሚፈርዱት ባደጉበት ልማድ ነው።

እውነቱን ልናገርና፥ ልጅቱን በተቆጣሁበት ሰሞን እኔ ራሴ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፌ በመሳቢያዬ አስቀምጬ ነበር። ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ ብሎኝ፥ የኮሌጅ ጓደኞቼም ወደ ንግድ ሲገቡ አይቼ ነው። ማታ ወረቀቱን ለአባቴ አሳየኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ኋላም «ልጄ፥ እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ወንበሩ አሳስቶኝ አይደለም፤ እናንተ ነበራችሁብኝ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ አባቴ የቆዩት ለልጆቻቸው ብለው ነው፤ ልጅቱም የለቀቀችው ለእናትዋ ብላ ነው። 35 ዓመትና አራት ወር እጅግ ቢራራቁም ጥያቄው አንድ ነው፤ ለማን ብዬ? እንግዲህ አሠሪ የሆነ ሰው ሠራተኛው ለምን ለቀቀ ብሎ ከማማረሩ በፊት ስሙን ይወቅ፥ የታመመች እናት እንዳለችውም ይጠይቅ። ወጣቱም የሚለቅ ከሆነ በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ ከአጠገቡ ያለው ባልንጀራው በእርሱ መቅረት እንዳይጎዳ ያስብ።

የእኔ ማመልከቻ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አለ። አልቀደድሁትም፥ አላስገባሁትምም። ነገር ግን በማግሥቱ ከክፍል ስገባ የተማሪዎቼን ስም ከመዝገብ ሳይሆን ፊት ፊታቸውን እያየሁ ጠራሁ። ሁሉንም ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።