ሞዴስና የጨው ውሃ

በሱቁ መስኮት ጠጋ ብለን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ጋሼ፣ ሞዴስ አለ?» እንላለን። ባለሱቁም ዓይኑን ሰበር አድርጎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያቀብለናል። የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የንግድ ምልክት የነበረው ይህ ስም በአገራችን የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚጠይቅ ግን ማን አለ? በሹክሹክታ የተገዛ ዕቃ በአደባባይ አይመለስም።

ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ላይ አንዷ የዶርማችን ልጅ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ከወንበሯ አልተነሳችም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስረንላት፣ መሀል አድርገን ወሰድናት። ማታ ከዚያው እሽግ አንዱን አውጥተን ውሃ አፈሰስንበት። አንድ ሲኒ ሙሉ ጠጣ፤ ጠብ አላለም! «ታዲያ ከውሃ ጋር እንዲህ ተስማምቶ ከእኔ ጋር ምን አጣላው?» አለች። ሳቅን። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳን፤ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባን።

ለካ አምራቾቹም እንደኛው ኖረዋል! የመምጠጥ አቅም ሲለካ የቆየው በአብዛኛው በውሃ ወይም በጨው ውሃ ነው። ደም ግን ይወፍራል፣ ይረጋል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ መጠበቂያዎችን በሰው ደም ሞክረው ያነጻጸሩበት ጥናት የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የአንዳንዱም አቅም አምራቹ ከጻፈው ጋር አልገጠመም።

የሚገርመው፣ አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቁስል መሸፈኛ የመጣውን፣ ከእንጨት የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር ለወር አበባ ያዋሉት ነርሶች ናቸው፤ የተጠቀሙበትም የፈተኑትም እነሱ። ኮቴክስ በ1920 ገበያ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙ መምጠጥ ብቻውን የጥራት ሚዛን ሲሆን ደግሞ ምን እንደደረሰ አነበብን፦ ሬላይ የተባለው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ታምፖን በመምጠጥ የሚወዳደረው አልነበረም፤ በ1980 ግን ሴቶችን ከገደለ የመመረዝ ሕመም ጋር ተያይዞ ከገበያ ተነሳ።

ከኛው አገር ደግሞ መቀሌ ላይ የሚታጠብ መጠበቂያ ፋብሪካ ያቋቋሙትን፣ በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ያላቸውን ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱን እናስባለን። መነሻቸው በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የምትቀረው ልጅ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቁ ተመልሰን፣ ድምፃችንን ሳንቀንስ «ጋሼ፣ ያኛው ያፈሳል፤ ሌላ የለም?» አልን። ደነገጠ። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ ሌላ አወጣ። ጋዜጣውን መለስንለት።