የገነተ ልዑል ደጅ

በጎሮ ስናስተምር ከምናገኛቸው ደስታዎች አንዱ የልጆች ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍል ውስጥ ስለ ኢጣልያ አገር ስናስረዳ፣ በናፖሊ አቅራቢያ የሚገኘውን የካሴርታን ቤተ መንግሥት ሥዕል ለተማሪዎቻችን አሳየናቸው። ይህን ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1752 የናፖሊ ንጉሥ ካርሎ፣ ቫንቪቴሊ በሚባል የሕንፃ ሊቅ መሪነት አስጀመረው። 1,200 ያህል ክፍሎች አሉት፤ የአትክልቱም ስፍራ ከቤቱ ጓሮ ተነሥቶ እስከ ኮረብታው ፏፏቴ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ልጆቹ ሁሉ ተደነቁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ብላቴና ግን፣ እናቱ በገበያ ቀን ቡና እያፈላች በመሸጥ የምታሳድገው፣ እጁን አነሣና «መምህር፣ በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ቤት አለ? ካለስ እንደ እኛ ያለ ሰው ይገባበታል?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ሁለት ነበር፤ እኛ ግን የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «አለ እንጂ! ወስደን እናሳያችኋለን» ብለን ተስፋ ሰጠን፤ ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍትም ጉዞ አሰናዳን። ወጪውን ወላጆች እንዲያዋጡ ተወሰነ። የዚያ ብላቴና እናት መዋጮውን ልትከፍል አልቻለችም። ስሙን ከዝርዝሩ የሰረዝነው እኛው ራሳችን ነን። «ደንብ ነው፤ ለአንዱ ብናደርግ ሌላውም ይጠይቃል» እያልን ለኅሊናችን መልስ ሰጠን።

ከጎሮ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤም በዲንሾ ደጋ ወጥተን በአዳባ፣ በዶዶላና በአሰላ በኩል አዲስ አበባ ገባን። በማግሥቱም ስድስት ኪሎ ከሚገኘው ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ ደረስን።

ገነተ ልዑል በግእዝ የልዑል ገነት፣ የልዑል የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ይህ ቤት በስፋት ከካሴርታ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ከረጃጅሞቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ላየው ሰው ግርማው አያንስም። ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ይህን ደረጃ የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ አንሥቶ ያለፈውን አንዳንድ ዓመት እንዲያመለክት አድርገውታል። ከነጻነት በኋላ ግን ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንድ ተማሪያችን ይህን ሲሰማ ስቆ፣ «እነርሱ ደክመው ሠሩት፤ አንበሳው ተቀመጠበት» አለ።

ወደ ውስጥም ገብተን የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤታቸውንም ሳይቀር አየን። በሌሎቹ ክፍሎች የአገራችን ሕዝቦች አኗኗር ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተዘርዝሮ ይታያል። በላይኛው ፎቅም ጥንታውያን ቅዱሳት ሥዕላትና መስቀሎች ተሰብስበዋል። እኛም በድቁና ዘመናችን ያየናቸውን የሚመስሉ ሥዕላት እዚያ ስናገኝ ልባችን ተነካ።

ከዚህ በኋላ ወደ ግቢው ወጥተን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ የሆነውን ለልጆቹ ተረክንላቸው። የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ ወልዶ፣ ሕፃኑ የናፖሊ ልዑል ተባለ። ግራዚያኒም ስለዚህ ደስታ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ የአዲስ አበባን ድሆች ወደዚህ ግቢ ጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ በጣሉ ጊዜ፣ ወታደሮቹ ለምጽዋት በተሰበሰቡት ላይ ተኰሱ። ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ልጅ ያዘለችው ሴት እጃቸውን እንደ ዘረጉ ወደቁ። ከዚያም እልቂቱ ወደ ከተማው ወጥቶ ሦስት ቀን ቈየ፤ በኢትዮጵያ በኩል የሚነገረው የሟቾች ቍጥር 30,000 ይደርሳል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ።

ልጆቹ ጸጥ አሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ብቻ ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ ያ የቀረው ጓደኛችን ይህን ቢሰማ ስንት ነገር ይጠይቅዎት ነበር!» አለችን። ቃሉ እንደ እሾህ ወጋን። ድሆች ተጠርተው ስለ ተገደሉበት ግቢ እያዘንን የምናስተምር እኛ፣ ድኻውን ልጅ ተስፋ ሰጥተን ከደጅ የመለስን ነንና።

የቀረውን ታሪክ የነገርናቸው አንገታችንን ደፍተን ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በዚሁ ቤት ተይዘው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ቤቱን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። የገበሬና የሸማኔ ልጆች መጽሐፋቸውን ታቅፈው በዚያ ደጅ ሲገቡና ሲወጡ ተመለከትን። የብላቴናው ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይኸው ነበረ። ቤተ መንግሥቱ ደጁን ከከፈተ ከ50 ዓመት በላይ አልፎታል፤ በእርሱ ላይ የዘጋነው እኛ ነን።

ጎሮ እንደ ተመለስን ብላቴናውን በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱ አፍራ፣ «ኧረ የኔታ፣ ምን አጠፉና!» አለችን፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ መሬት መሬት ይመለከት ነበር። የልጅ ዝምታ ከተግሣጽ ይልቅ እንደሚከብድ በዚያ ቀን አወቅን። በተከታዩ ዓመት ከወላጆች ገንዘብ መሰብሰብ ቀርቶ፣ ተማሪና መምህር ሆነን በትምህርት ቤቱ ማሳ ስንዴና ጥቁር አዝሙድ ዘራን፤ አረምን፤ አጨድን። ከሽያጩም በተገኘው ገንዘብ የክፍሉ ልጆች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተጓዙ።

ያ ብላቴናም ከአንበሳው ደረጃ ሥር ጥቂት ቆመ፤ ወደ ቤቱ በር ሄዶም መድረኩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብሎ፣ «ለካስ ይገባል፣ መምህር» አለን።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችንን ታላላቅ ቤቶችን ስናሳያቸው ስለ ግንቡ ቁመትና ስለ ክፍሎቹ ብዛት መንገር ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ከደጅ የቀረ ልጅ እንዳለ ዘወር ብለን እንይ።