ግንባሩን በለው!

የዞምቢ ፊልም አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሕጉን ያውቀዋል። ደረቱን ቢመቱት ይመጣል፤ እግሩን ቢቆርጡት እየተሳበ ይመጣል፤ ግንባሩን ሲሉት ብቻ ይወድቃል። ልጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው «ግንባሩን! ግንባሩን በለው!» እያሉ ሲጮኹ ከተዋናዩ ይልቅ እነሱ ዘማች ይመስላሉ።

አክስቴ እንዲህ ባለ ጩኸት መሐል ገብታ ቆማ ታይ ጀመር። ስክሪኑ ላይ ልብሷ የተቦጫጨቀ ወጣት እየተንገዳገደች ትመጣለች። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች አክስቴ። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። የማንም አይደለችማ፤ ዞምቢ ናት! አክስቴ አልሳቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሶ ስትደርስ የኖረች ሴት ናት፤ ሬሳ ካየች የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም። እኔም ስለዚህ የፊልም ዓይነት ከሰማሁት ስብከት ሁሉ የእሷ ጥያቄ ወደ ወንጌል የቀረበ መሰለኝ።

የሰባክያኑ ክስ የታወቀ ነው፤ ፊልሙ በትንሣኤ ሙታን ላይ ያላግጣል ይላሉ። ክሱ ውሃ የሚያነሣ አይመስለኝም። በወንጌል የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክት ለወዳጆቹ ያሳያል፤ አብሯቸው ዓሣ ይበላል። መግደላዊት ማርያም አትክልተኛው መስሏት ስታለቅስ በስሟ ሲጠራት ታውቀዋለች። አልዓዛርም ከመቃብሩ የወጣው በስሙ ተጠርቶ ነው። ትንሣኤ ያለው ሰው ከሞተበት ጊዜ የበለጠ ራሱን ይሆናል። ዞምቢ ግን ስሙ፣ እናቱና ቋንቋው ጠፍተው ረሃቡ ብቻ የቀረለት ሥጋ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ምእመን ካለ ጥፋቱ የሆሊውድ ሳይሆን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው።

ደግሞ ዞምቢ መጀመሪያ ላይ ከማስፈራቱ ይልቅ ማሳዘኑ ይብስ ነበር። ታሪኩ የሄይቲ ነው። ፈረንሳዮች ሳን ዶሚንግ ይሏት በነበረችው በዚያች የስኳር ቅኝ ግዛት፣ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡት ባሮች ሞት ወደ አባቶቻቸው ምድር ይመልሰናል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። ዞምቢ ይህ ተስፋ እንኳ የተነፈገው ሰው ነው፤ ሞቶ እንዳያርፍ ከመቃብር አውጥተው ሸንኮራ የሚያስቆርጡት። ሄይቲ እ.ኤ.አ. በ1804 ነጻነቷን ካወጀች በኋላም ፍርሃቱ ከተረቱ አልወጣም። ዞምቢ ጨው ከቀመሰ ይነቃል ይባላል፤ መሞቱን ያስታውስና ወደ መቃብሩ ይመለሳል። ስለዚህ ጌታው ጨው የነካው ምግብ አያቀምሰውም። «የምድር ጨው» ለተባሉ ሰዎች ይህ ተረት ትንሽ ሳይቆረቁር አይቀርም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1934 ሄይቲን በወታደር ይዛ ነበር፤ ወሬውም በዚያው ዘመን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1932 ቤላ ሉጎሲ የተወነበት «ዋይት ዞምቢ» ወጣ። እዚያ ውስጥ የስኳር ፋብሪካ ይታያል። ሙታኑ መፍጫውን እየገፉ ይዞራሉ፤ አንዱ ተንገዳግዶ መፍጫው ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ቆም እንኳ አይሉም። ያም ሆኖ ተመልካቹ ጣቱን የሚቀስርበት አለው፤ ክፋቱ የጌታው ነው።

ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ጌታውን ከታሪኩ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1968 በፒትስበርግ አካባቢ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ በተሠራው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ሙታኑን የሚያዛቸው የለም፤ የሚነዳቸው የገዛ ረሃባቸው ነው። በደል የደረሰበት ባሪያ በዚህ ፊልም ጠላት ሆነ። ጠላት ከሆነ ደግሞ መተኮስ ነው።

ሮሜሮ ግን ተኩሱ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቅ ነበር። ዱዌን ጆንስ የተወነው ጥቁር አሜሪካዊው ቤን ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጋ አድሮ አንድ ቤት ውስጥ ከተጠለሉት ብቻውን ይተርፋል። ሲነጋ ሙታን እያደነ የመጣ የታጠቀ ቡድን በመስኮት ያየዋል። «ማነህ?» የሚል የለም። ግንባሩን ይሉታል፤ ሬሳውንም በመንጠቆ ይዘው ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። ፊልሙ የታየው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ነው፤ ይህን መጨረሻ ለማስረዳት ሐያሲ አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ተኩሱን ወርሰው መጨረሻውን ተዉት። ለክርስቲያን ተመልካች ከደሙ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ የሰው ፊት ያለውን ፍጡር ያለ ንስሐና ያለ ለቅሶ የመግደል ፈቃድ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ሄርሸል የሚባል መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ አርሶ አደር፣ ሚስቱንና ጎረቤቶቹን የመሳሰሉትን ሙታን «ታመው ነው» ብሎ ጎተራው ውስጥ ዘግቶ ይቀልባቸዋል። እርሻው ላይ የተጠለሉት እንግዶች እንደ ሞኝ ያዩታል፤ በፊልሙ ሕግ ሞኝ ነው። ችግሩም ሕጉ ነው፤ ደራሲው ምሕረት ሞኝነት የሚሆንበትን ዓለም አስቀድሞ ከሠራ በኋላ የሚምረውን ሰው መርታት ምን ያቅተዋል? ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 በታየው ክፍል ጎተራው ተከፍቶ ሙታኑ ተራ በተራ ሲረሸኑ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ትወጣለች፤ ስትፈለግ የከረመችው ሶፊያ ናት። ተኩሱ ቀጥ ይላል። እናቷ እየጮኸች ትሮጣለች። የሌሎቹን የማን ልጅነት ያልጠየቀው ሁሉ የእሷን ያውቃልና እጁ ይያዛል። በመጨረሻ አንዱ ይተኩሳል፤ በዚያች ቅጽበት ግን የዘውጉ ሕግ ተሰንጥቆ ታይቷል።

ማርቆስ የጻፈው የጌርጌሴኖን ሰው ለዚህ ዓይነት ፊልም የታጨ ይመስላል። አጋንንት አድረውበት በመቃብር ይኖራል፤ ሌሊትና ቀን ይጮኻል፤ ሰውነቱን በድንጋይ ይተለትላል፤ ሰንሰለት ይበጥሳል። የአገሩ ሰው ሰንሰለት ከመጨመር ሌላ መላ አላገኘለትም። ክርስቶስ ስሙን ጠየቀው። ያገኘው መልስ የአጋንንቱ ብዛት ብቻ ቢሆንም ከመጠየቅ አልተመለሰም። ሰውዬው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀመጠ፤ የተሰጠውም ትእዛዝ ወደ ቤቱ ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ ነበር። ለካ የማን ልጅነት ነበረው! ሕዝቡ ግን የፈራው ሲድን ነው። ጭራቅን ማሰር የለመደ መንደር ጭራቁ ጎረቤት ሆኖ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

ክርስቲያን ጭራቅ የተባለውም ሰው መሆኑን ሊረሳ የማይችልበት ሌላም ምክንያት አለ። በሁለተኛው ምእት ዓመት ሥጋ በላ የተባለው እሱ ነበር። ስለ ቅዱስ ቁርባን ወሬ የሰማው የሮም ግዛት ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ተደብቀው የሰው ሥጋ ይበላሉ ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ177 በሊዮን ከተማ ይኸው ክስ ተነሥቶባቸው ብዙዎች ተሠቃይተው ሞቱ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ባቆየልን ደብዳቤ እንደተጻፈው፣ ገዳዮቹ በዚህ አልረኩም፤ እንዳይነሡ ብለው ሬሳቸውን አቃጥለው አመዱን በሮን ወንዝ ጣሉት። የፒትስበርጉ እሳት ከዚህ እሳት ብዙም አይርቅም።

እኛ ደግሞ በተራችን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ አልነው። ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል ብለን ያወራነው አስቀድሰን ስንመለስ ነው። እንጀራችንን በሠራው ምጣድ እየጋገርን፣ ማሳችንን በቀጠቀጠው ማረሻ እያረስን ልጃችንን ለልጁ አንሰጥም አልን። ለዚህ ካሜራም ሜካፕም አላስፈለገንም።

እንግዲህ ፊልሙ ይታይ ወይስ አይታይ? እኔ ይታይ ባይ ነኝ፤ የሮሜሮው ዓይነት፣ ተኳሹን የሚጠይቀው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ሁላችንም በበደላችን ሙታን ነበርን ይላል፤ የተደረገልንም በምሕረት መነሣት ነው። ይህን የሚያምን ሰው የፈለገውን አስፈሪ ፊልም እስከ መጨረሻው ሊያይ ይችላል። ከሲኒማ ቤቱ ሲወጣ ግን አስፋልት ዳር ማስቲሽ እየሳበ የሚንገዳገደውን ልጅ «ይሄማ ሞቷል» ብሎ የማለፍ መብት የለውም።