ስለ ጊታር ሰሌዳና ስለ አማቴ ወይራ

በቤተ ሰብ ውስጥ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ልጆች ትምህርት መማከር የተለመደ ነገር ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ እምብዛም የማያልፍ፣ ውፍረቱም 6 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ ቁራጭ እንጨት ቤተ ሰብ በሙሉ ሁለት ወር ሲከራከር ግን ከእኛ ቤት በቀር አላየሁም። ይህ እንጨት የጊታር ሰሌዳ ነው፤ ይኸውም በጊታሩ አንገት ላይ ተጣብቆ የሚጫወተው ሰው አውታሩን በጣቱ የሚጫንበት ማለት ነው።

በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ነገሌ ቦረና ከመጣን ጥቂት ዓመታት ሆነን። ባለቤቴ የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፤ እናቷም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የመጀመሪያዪቱ ልጃችን 17 ዓመቷ ነው፤ አጎቷ ከውጭ አገር የላከላት የኤሌክትሪክ ጊታር አላት። ጊታር ያስወደዳት በድሬ ዳዋ ተወልደው በ2022 ያረፉት የዓሊ ቢራ ዜማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ጊታሩ አዲስ አበባ ሳለ ደኅና ነበር። ዳሩ ግን ወደዚህ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሆነውን ለመገመት አይቸገርም፤ ከክብረ መንግሥት ተነሥቶ በዋደራ በኩል ሲያልፍ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ ወደ ነገሌ እየተቃረቡ ሲሄዱ ግን ደኑ እየሳሳ ግራር ይተካል፤ ነፋሱም የከንፈርን እርጥበት ይወስዳል።

የአገሩ ሰው ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ገና ትልቁ ዝናም ነው፤ ይህ ገና ከልደት በዓል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አዶሌሳ ብርዳሙ ደረቅ ወራት፣ ሀገያ ትንሹ ዝናም፣ ቦና ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ብርቱ በጋ ነው። እንጨት በቦና ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይጐድልም፤ በጐኑ ግን ይሰበሰባል። በሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከሉት፣ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ስለዚህ የብረቶቹ ጫፍ ከሰሌዳው ጠርዝ እያለፈ ይወጣና እጅን ይቧጥጣል። ልጄ በሁለተኛው ቦና ጣቷ እየደማ ትጫወት ነበር፤ በሦስተኛው ሰሌዳው ራሱ ከሦስተኛው ፍሬት እስከ ሰባተኛው ድረስ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሲታይ ጥቁር መስሎ የነበረው እንጨት ቀለም የተነከረ፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ በምን እንተካው? በዚህ ጉዳይ አባቶቻችን የተዉልን ምክር የለም፤ ምክንያቱም በእኛ መሣሪያዎች እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለም። የክራርና የበገና አውታር በባዶ አየር ላይ ይወጠራል። መሰንቆ አንገት ቢኖረውም አዝማሪው የፈረስ ጭራውን በጣቱ ይነካዋል እንጂ እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ስለዚህ ብረትና ጣት ቀን ከሌት ሲፈጩት የሚችል እንጨት የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ፈረንጆች በዚህ ሦስት እንጨቶችን አብዝተው ይሠሩባቸዋል። አንደኛው ሜፕል ነው፤ ነጣ ያለ ሲሆን የደረቀው አንድ ሜትር ኩብ 700 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በ1950 ለገበያ ባቀረበው ጊታር አንገቱንና ሰሌዳውን ከአንድ ሜፕል ያወጣ ነበር። ሜፕል ቫርኒሽ ይፈልጋል፤ ቫርኒሹም በላብና በጥፍር ሲላጥ ሥፍራው አድፎ ይታያል። በ1958 ፌንደር ጃዝማስተር በሚባለው ጊታር ላይ ሮዝውድ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመትም ወደ ሌሎቹ ጊታሮቹ አዛወረው። ሮዝውድ ቡናማ፣ በተፈጥሮው ቅባት ያለበት እንጨት ስለ ሆነ ያለ ቫርኒሽ ይኖራል፤ የህንዱ ዓይነት በሜትር ኩብ 830 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስተኛው ጥቁሩ ዞጲ፣ ኤቦኒ የሚሉት ነው፤ ከሁሉ ይጠነክራል፤ ነገር ግን በደረቅ አገር መሰንጠቅን ይወዳል። ለነገሌ ዞጲን የሚመክር ሰው ቦናን ያላየ ነው።

እኔ ሮዝውዱን አሰብሁ። ዳሩ ግን የሮዝውድ ነገር ዛሬ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። የዛፉ ወገን ለቤት ዕቃ ሲባል በየአገሩ ስለ ተመነጠረ የብራዚሉ ዓይነት ከ1992 ጀምሮ ከንግድ ተከለከለ፤ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ወገኑ በሙሉ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ገባ። በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ቁጥጥር ቢወጡም፣ ያልተሠራ ጣውላ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። የአንድ ክንድ እንጨት ፈቃድ ከህንድ እስኪመጣ መጠበቁን ልጄ አልወደደችም።

ልጄ ግን ሌላ ፍርሃት ነበረባት፤ እንጨቱ ከተለወጠ ድምፁ ይለወጣል የሚል። በዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወጣው የብረቱ አውታር ሽቦ በተጠመጠመበት ማግኔት ላይ ሲርገበገብ ነው፤ የሰሌዳው እንጨት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ሣጥኑ ራሱ በሚያስተጋባው ጊታር እንኳ በ2018 የታተመ አንድ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነበር፤ የጀርባቸው እንጨት ብቻ የሚለያይ ስድስት ጊታሮች ተሠርተው፣ 52 ተጫዋቾች በጨለመ ክፍል የበያጅ መነጽር አድርገው ሞከሯቸው፤ ውዱንም እንጨት ከርካሹ አስበልጠው አላገኙትም። ዓይን ሲዘጋ ጆሮ ትሑት ይሆናል። እንግዲህ ለሰሌዳ የሚመረጠው እንጨት በጥንካሬው፣ በመድረቁና ለጣት በመስማማቱ እንጂ በስሙ መሆን የለበትም።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን እንጨት ተመለስን። በቆላው አገራችን ዞቢ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ከሮዝውድ ጋር አንድ ወገን ሆኖ ፈረንጆች ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩበት ክቡር እንጨት ነው፤ ዳሩ ግን በእጃችን አልነበረም። ዋንዛ ለሣጥንና ለበር መልካም ነው፤ ለፍሬት ግን ይለሰልሳል። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው ቢሆንም በጥፍር ይጫራል፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። አናጺው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፦

«ጌታዬ፣ ወይራ እያለ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ወይራ በሜትር ኩብ ከ900 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ጭረቱ ደቃቅ፣ ሲላግ እንደ ቀንድ የሚለሰልስ እንጨት ነው። አንድ ነውር አለበት፤ እርጥብ ሳለ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ከደን የቆመውን መቁረጥ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ዛፉ ቶሎ አያድግም፤ ቢቆረጥም ለዚህ ሥራ የሚበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሚያስፈልገን ብዙ ቦና ያለፈበት ወይራ ነበር። በነገሌ እንዲህ ያለ ወይራ ያለበትን ቤት አውቃለሁ፤ የራሴ ቤት ነው።

አማቴ የአባታቸው ቤት ሲፈርስ የመካከሉን የወይራ ምሰሶ አስመጥተው በጓዳ አኑረውታል። የሚያኖሩትም ለወተት ነው። በቦረናና በጉጂ ሴቶች ዘንድ ወተት በባዶ ዕቃ አይጨመርም፤ አስቀድሞ የወይራ ፍም በጎርፋው ውስጥ ገብቶ ይናወጣል፣ ጢሱም ይታፈናል፤ ወተቱ ያን ጊዜ መዓዛ ያገኛል፣ ቶሎም አይበላሽም። ልጄ ሄዳ፦

«አኮ፣ ከምሰሶው አንድ ክንድ ስጪኝ» አለቻቸው።

«ይህ የወተት እንጨት ነው፤ የጩኸት እንጨት አይደለም» ብለው መለሱላት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መልስ የአሮጊት ንፍገት አድርገህ እንዳትወስደው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በዚህ አገር አምስት ዝናም በተከታታይ ቀረ፤ የቦረና ከብት አለቀ። አማቴ በዘመድ ዘንድ የነበሯቸው ላሞች ሁሉ አለቁባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎርፋው በግድግዳ ላይ ባዶውን ተሰቅሎ ነበር፤ ወይራውንም አንድ ስንጥር ስንኳ አልነኩትም፤ ማገዶ ሲጠፋ እንኳ ለወጥ አላነደዱትም። ዝናም ከተመለሰ በኋላ ሁለት ላሞች አግኝተው እንደ ገና ማጠን ጀምረዋል። እንግዲህ ከዚህ እንጨት ላይ ለመጫወቻ ቁረጡልኝ ማለት ቀላል ልመና አልነበረም። ባለቤቴ በእናቷና በልጇ መካከል ሆና ዝም አለች፤ እኔም የሮዝውዱን ፈቃድ መጻፍ ጀመርሁ።

ነገሩን የፈታው አናጺው ነው። አማቴን ሰላም ሊል ገብቶ ሳለ አንድ ምሰሶ ሲሠነጠቅ ከሰሌዳው ይልቅ ፍቅፋቂው እንደሚበዛ ነገራቸው፤ የሚጠርበውን፣ የሚልገውንና የሚሞርደውን ሁሉ አንድ ሳይቀር መልሶ እንደሚያመጣላቸው ቃል ገባ። አማቴ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው ምሰሶውን ራሳቸው አወጡና በድንጋይ እያንኳኩ ከታች እስከ ላይ አዳመጡት። የታችኛው ወገን በመሬት ተቀብሮ የኖረ ስለ ሆነ ድምፁ ድፍን ነበር፤ የላይኛው እንደ ደወል ጮኸ።

«ከዚህ ቁረጥ» አሉ፤ በጥፍራቸውም ምልክት አደረጉ። ከእኔ መጽሐፍ ሁሉ የእሳቸው ድንጋይ ይሻል ነበር።

አናጺው እንጨቱን ሲሠነጥቅ የዕድሜው ቀለበቶች በሰሌዳው ውስጥ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አደረገ፤ ምክንያቱም እንጨት ቀለበቱን ተከትሎ የሚሰበሰበው ቀለበቱን አቋርጦ ከሚሰበሰበው እጥፍ ያህል ስለ ሆነ ነው። የፍሬቶቹን ሥፍራ ልጄ ለካች። ከአውታሩ መነሻ እስከ ማረፊያው ያለው ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት በ36.4 ሚሊሜትር ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው ርዝመት እንደ ገና ለዚያው ቁጥር እየተካፈለ እስከ 21ኛው ይሄዳል። ለሒሳብ ትምህርት ስትለምናት የምትሸሽ ልጅ ለዚህ አንድ ሙሉ ሌሊት አደረች። አሮጌው ሰሌዳ በጋለ ብረትና በቀጭን ቢላዋ ተላቀቀ፤ አዲሱ በኮላ ተጣብቆ ሁለት ቀን ታስሮ ዋለ።

በመጨረሻ ስለ ቅባቱ ትንሽ ጠብ ተነሣ። አማቴ ቅቤ ይቀባ አሉ፤ ቅቤ ግን ይሻግታል፣ አቧራም ይሰበስባል። የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ተቀብቶ ተወለወለ፤ እሱ በአየር ይደርቃልና። እሳቸው እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማሙም።

ሰሌዳው አንድ ቦና አልፎበታል። በ19ኛው ፍሬት ጫፍ ላይ ጥቂት ብረት ወጥቶ በሞረድ ተስተካከለ፤ ሌላ ነገር አልደረሰበትም። መልኩ ቡናማና ቢጫ ደም ሥር ያለበት ነው፤ እጅ ሲሞቅበት ደግሞ የጎርፋው ሽታ ይወጣዋል። አናጺው ቃሉን ጠብቆ ፍቅፋቂውን በሁለት ከረጢት አመጣ፤ አማቴም እየቆጠቡ ያጥኑበታል። ከምሰሶው የቀረው ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ በጆንያ ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር አኑረውታል።